ታይቷል፤ አልፏል

ሐምሌ በድሬ፣ ፀሐዩ እንደ ምጣድ ሲነድ፣
ከሳቢያን በታች ይሰለፋል መኪና ሁሉ፣ በቦሎው መንገድ።
እኔ ሰሌዳዬን ይዤ፣ እስክሪብቶዬ ከጆሮዬ፣
የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ሲወርድ በትከሻዬ፣
እጠይቃለሁ፦ መብራት? ፍሬቻ? የእጅ ፍሬን? ጥሩምባ?
እሳት ማጥፊያህስ? ሦስት ማዕዘኑስ? አሳየኝ ሳትገባ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ይህንኑ ስጠይቅ፣
የጎማ ጥርስ በጥፍሬ ስፍቅ።
ማን በሰው እግር እንደቆመ፣ ማን በራሱ፣
ይነግረኛል የብሎኑ ዝገት፣ የጎማው ጥርሱ።

ያቺን ቀይ እሳት ማጥፊያ ግን ወደድኳት፤
አንገቷ ሥር ጭረት አላት።
ሁለት ሰዓት ላይ መጣች፣ በአንዱ ሚኒባስ፤
ሦስት ሰዓት ላይ በአይሱዙ፤ ከዚያ በባጃጅ፣ እንደ እንግዳ ስትደርስ
«እንዴት አደርሽ?» አልኳት፣ ለአምስተኛ ጊዜ ስትመጣ፤
ባለ ባጃጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ከግቢው ወጣ፣
እስከ ሰልፉ ጭራ ደረሰ።
«አቦ፣ እሳት ባንዴ ሁላችንን አያቃጥል፤ ትበቃናለች!» አለ፣ ላቡን እያበሰ።

እንዲህ ነው፤ ሰው የሰውን ጎማ አጥልቆ፣
እንደ ሠርግ ጫማ ተውሶ፣ ቀኑን ጠብቆ፣
ይመጣል፣ ያልፋል፣ ከአጥሩ ጀርባ ያወልቃል፤
ለቀጣዩ ያቀብልና መላጣውን መልሶ ያጠልቃል።

ደንቡ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤
ጠርዙን ፀሐይ ልጦታል፣ ፊደሉ ገርጥቷል፦
«ቦሎ በፊት መስታወት፣ በቀኝ በኩል፣ በግልጽ ይለጠፍ፤
ያለፈው ዓመት ይፋቅ፤ ያልተመረመረ አይለፍ።»

ጋሽ ሙርሰል መጣ። ፔጆዋ ትበልጠኛለች በዕድሜ፤
በእሷ ነው ሆስፒታል የወሰዱኝ፣ ልጅ ሳለሁ ታምሜ።
ፍሬኗን ረገጠ፤ መርፌዋ ወደ ግራ ሸሸች፤
ደግሜ አስረገጥኩት፤ መርፌዋ እምቢ አለች።
እሱ ዝም አለ፤ እኔ ሰሌዳዬን አየሁ።
ሰሌዳው ባዶ ነበር። ብዙ ቆየሁ።
የልጁ ሠርግ ሳምንት ነው፤ ሙሽሪት ያለችው ሐረማያ፤
ኬላው ላይ ትራፊክ አለ፤ ቦሎ ለሌለው የለም ማለፊያ።
«ለሠርጉ ብቻ! በማግስቱ አሠራታለሁ፤ ወላሂ!» አለኝ፤
እጁ ላይ ብር አልነበረም። ብር ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለቱ በቀለለኝ።

ማኅተሙን አነሳሁ። «ታይቷል፤ አልፏል።»
ድምፁ ትንሽ ነው፤ ጧ ይልና ይጠፋል።

በምላጭ አምናን ፋቀ፣ ካቻምናን ፋቀ፤ ከሥር ያለው ላይ ሲደርስ
«ይሄ ደቻቱ የሞላ ዓመት ነው» ብሎ ተወው፤ አልፈለገም ሊጨርስ።
አዲሱን በላዩ ለጠፈ።
ይህንንም አላየሁም። ሄደ፤ አቧራው አለፈ።

ሰው አልሞተም። አስቀድሜ ይህን ልበል፤
ለራሴም የምለው ይህንን ነው፣ ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል።
ደንገጎ ቁልቁለት ላይ፣ ሲመለሱ፣ ፍሬኑ ባዶ ሲሆን መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ፤
ቋጥኝ አቆማት፤ የሙሽሪት ክንድ፣ ሂናው ሳይለቅ፣ ጀሶ ያዘ።
ትራፊኩ ቅጹን ሞላ፦ «መንጃ ፈቃድ፣ አለው። ቦሎ፣ አላት።»
ሁሉ ተሟልቶ ነበር እንግዲህ፤ ፍሬን ብቻ ነው የጎደላት።

ሐሙስ ጋሽ ሙርሰል በእግሩ መጣ፤ ሰልፍ ገባ፤
በሚኒባስና በባጃጅ መሃል ቆመ፣ እስኪባል «ግባ!»
ከጋዜጣ ውስጥ አወጣው፤ የመስታወት ስባሪ፣ የተሰነጠቀ እንደ ድር፤
ቦሎው ነው የያዘው እንዳይበተን፤ የደቻቱም ዓመት ከሥር።
«ፍሬን ባይዝም መስታወት ይዟል» አለና እንደ ድሮው ሳቀ፤
ሳቁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ደረቀ።

ቀጥሎ ያቺ ቀይ እሳት ማጥፊያ መጣች፤ እንዴት አደርሽ አላልኳትም።
የመኪናውን ቁጥር በነጭ ቀለም ጻፍኩባት፤ የሳቀ የለም።
ወሬው ወደ ኋላ ተቀባበለ፤ ሞተር ተራ በተራ ተነሳ፤
ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ዞሮ ሄደ፣ አንዱም ቃል ሳያነሳ።

አለቃዬ «ይሄ ምንድነው?» ይለኛል። በምን ቃል ልግለጽ?
ስባሪዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ በቀኝ በኩል፣ በግልጽ።